ሶስና ሳትሞት የተነፋ ጡሩምባ

የቆርኬ ከተማ ሰው የማስጠንቀቂያ አምባሩን የት ማሰር እንዳለበት ሕጉ ይደነግጋል፤ በግራ እጅ አንጓ ላይ። ሰዉ ግን አንዱ ፍየሉ አንገት ላይ አስሮታል፣ አንዱ ዱቄት ጣሳ ውስጥ ቀብሮታል፣ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ናሆም ደግሞ በአሮጌ ካልሲ ጠቅልሎ ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞራል። አምባሩ በቀን አሥራ አንድ ጊዜ ይንዘፈዘፋል፣ ቀይ ያበራል፣ በለዘበ የሴት ድምፅም «ውድ ነዋሪ፣ በአካባቢዎ አደጋ ሊደርስ ስለሚችል ጥንቃቄ ያድርጉ» ይላል። ምን አደጋ እንደሆነ አይናገርም። ሙቀት ሊሆን ይችላል፣ አቧራ ሊሆን ይችላል፣ ጎርፍም ሊሆን ይችላል። የማስጠንቀቂያ ማዕከሉ ከሃያ ዓመት በፊት አንድ ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ቀርቶ ፍርድ ቤት ቆሟል፤ ከዚያ ወዲህ ሳያስጠነቅቅ የሚያልፈው ቀን የለም። እንዲህ አድርጎ ራሱን ከክስ አዳነ።

ጡሩምባው ግን ሌላ ነገር ነበር። ጋሽ ባሮክ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ነው። ከአባቱ የወረሰው፣ አፉ ሁለት ቦታ ላይ የተበየደ የቆርቆሮ ጡሩምባ አለው። ሰው ሲሞት ንጋት ላይ ይወጣና በየመንታ መንገዱ ቆሞ ሦስት ጊዜ ይነፋል፤ ከዚያ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይጠራል። ቀብር ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊት ማለቅ አለበት። ከአራት እስከ አሥራ አንድ ዝግ ሰዓት ነው፤ በዚያ ግለት ደጅ የተገኘ ሰው ራሱ ሁለተኛ ሬሳ ይሆናል። ስለዚህ ቆርኬ ሙታኗን የምትቀብረው እየተጣደፈች ነው፤ እንባ ሳይደርቅ ሁሉም በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። ባሮክ በአርባ ዓመት ውስጥ ያለ ሬሳ አንድ ቀን ነፍቶ አያውቅም። ጡሩምባው ሲሰማ የታመመው ሳይቀር ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል። አንድም ወግ ነው፣ አንድም የቀረ ሰው ስም ጥሪ ላይ ይያዛል።

ኅዳር ሰባት ቀን 2091 ዓ.ም. ንጋት ላይ የባሮክን በር የደበደበችው ኬብሮን ናት። ኬብሮን የከተማው የዝናብ መለኪያ አንባቢ ነበረች። ነበረች የተባለው ማዕከሉ ማሽን ተክሎ ካሰናበታት ስድስት ዓመት ስላለፋት ነው። እሷ ግን አሮጌውን መለኪያ ዛሬም በየጠዋቱ ሄዳ ታያለች፣ ባዶ መሆኑንም ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። ደጋው ላይ እንደ እሷ የተሰናበቱና እንደ እሷ እምቢ ያሉ ሦስት አንባቢዎች አሉ፤ በሬዲዮ ይጠያየቃሉ። የሰፈሩ ሰው የአራት እብዶች ማኅበር ይላቸዋል።

«ጋሽ ባሮክ፣ ደጋው ላይ ሲያወርደው ነው ያደረው» አለች ቁና ቁና እየተነፈሰች። «የሦስቱም መለኪያ ሞልቶ ፈሷል።»

ባሮክ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። አንድ ደመና የለበትም።

«እዚህ እኮ ጠብታ የለም።»

«እዚህ መች አልኩህ? ድሮ ክረምት የሚባለው በሰኔ ገብቶ ሦስት ወር ቀስ እያለ ይዘንብ ነበር አሉ። ያንን የሚያመጣው ነፋስ አቅጣጫው ከጠፋው ስንት ዘመኑ! አሁን ምሥራቅ ያለው ውቅያኖስ ይፈላ ይፈላና የሦስት ወሩን በአንድ ሌሊት አምጥቶ ደጋው ላይ ይደፋዋል። የሚወርደው በእኛ አሸዋ ነው። አራት ሰዓት ሳይሞላ እዚህ ይደርሳል።»

አሸዋ የሚሉት ከተማዋን ለሁለት የሚከፍለውን ደረቅ ወንዝ ነው። ውሃ ከወረደበት ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ታች ሰፈር የተሠራው ዳር ዳሩን ይዞ ነው፤ የእድሩ አባላት አብዛኞቹ እዚያ ይኖራሉ። ከታች ሰፈርም ወርዶ፣ ራሱ አሸዋው ላይ፣ ሙቀቱ ከአገራቸው ያፈናቀላቸው የቆላ ሰዎች ሦስት መቶ የሸራ ቤቶች ተክለዋል። አሸዋ ሜዳ ይባላል። የባሮክ አንድያ ልጅ ሄራን የምትኖረው እዚያ ነው።

«ማዕከሉስ ምን ይላል?»

«አምባርህን እየው፤ ቀይ ነው።»

«ትናንትም ቀይ ነበር።»

«እኮ!» አለች ኬብሮን። «ስደውልላቸው የተቀዳ ድምፅ ነው የሚያነሳው፤ ማስጠንቀቂያው ለመቶ ከመቶ ነዋሪ ደርሷል ይለኛል። ስመጣ አሸዋ ሜዳ ወርጄ በር አንኳኩቻለሁ። አምባራቸውን አሳዩኝና፣ ይሄ መች ቀይ ሳይሆን ነግቶ ያውቃል ብለው ተመልሰው ተኙ።»

ባሮክ የበሩን መቃን ይዞ ቆመ። ከሄራን ጋር ከተነጋገሩ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ያፌት የሚባል አሸዋ ጫኝ፣ የቆላ ሰው፣ ላግባ ስትለው እምቢ አለ፤ እሷ አገባችው። በዚያው ሰሞን እድሩ አሸዋ ሜዳ የሚኖር ሰው አባል እንዳይሆን የሚል ደንብ አቀረበ። ጋሽ ናሆም ምክንያቱን ሳያፍር ተናገረው፤ «እዚያ ያለ ሰው ብዙ ይሞታል፤ በየሳምንቱ ድንኳን ስንተክል ልንኖር ነው?» ብሎ። የሚደግፍ እጁን ያውጣ ሲባል ባሮክ አወጣ። ተናዶ ነበር። ንዴቱ በሳምንቱ በረደለት፤ ደንቡ ግን ጸድቆ ቀረ። ሄራን ስትሰማ «ከእንግዲህ ጡሩምባህ እኔን አይመለከተኝም» ብላ ላከችበት። እውነቷን ነበር፣ የሚያንገበግበውም እውነቷን መሆኑ ነው።

ሚስቱ ሶስና ከጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ጋቢዋን እንደ ደረበች ወጣች።

«ጡሩምባህን አንሣ» አለችው።

«ለማን ልንፋ? የሞተ የለም።»

«እኔን ግደለኝ።»

ባሮክ ቀልድ መስሎት ሊቆጣ ሲል ፊቷን አየና ተወው።

«ምን ታፈጥብኛለህ?» አለች። «ጎርፍ መጣ ብትል ማን ይወጣልሃል? ሶስና ሞተች ካልክ ግን ከታች ሰፈር አንድ ሰው አይቀርም። ቤታችን ጉብታ ላይ ነው፤ ድንኳኑም የሚተከለው እዚሁ ነው። ሄራንም ብትሆን የቱንም ያህል ብትቀየምህ የእናቷን ቀብር አትቀርም።»

«ሶስና፣ በሞት አይቀለድም።»

«አርባ ዓመት ሙሉ በሰው ሬሳ ስትነፋ ኖረህ ለእኔ ሲሆን ትሰስታለህ? ሂድ እባክህ፣ ልጄን አውጣልኝ።»

ይህን ብላ ተመልሳ አልጋዋ ላይ ወጣችና ጋቢውን እስከ አናቷ ሳበችው። ኬብሮን ፊቷን አዙራ አለቀሰች።

ባሮክ የመጀመሪያው መንታ መንገድ ላይ ቆሞ ሲነፋ ትንፋሹ እምቢ አለው። ሁለተኛው ላይ ወጣለት። «የእድር አባላት ሆይ! ባለቤቴ ሶስና አርፋለች! ቀብሯ ሦስት ሰዓት ነው!» ሲል እንባው ዱብ ዱብ አለ፤ ማስመሰል አላስፈለገውም። የታች ሰፈር በሮች ተራ በተራ ተከፈቱ። «ኧረ እኔን! ትናንት ገበያ አብረን አልነበርንም?» እያሉ ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። እያንዳንዱ «እኔን» የባሮክን ጀርባ እንደ ጅራፍ ይገርፈዋል።

ሁልጊዜ ጡሩምባው የሚቆመው የታች ሰፈር መጨረሻ ላይ ነው፤ አባላቱ እዚያ ስለሚያልቁ። ዛሬ ባሮክ አልፎ ወርዶ የአሸዋ ሜዳ አፋፍ ላይ ቆመና ነፋ። ከሸራዎቹ መሀል አንድ ሁለት ሰው ብቅ አለና ተመልሶ ገባ። የእነሱ እንዳልሆነ ያውቃሉ፤ አራት ዓመት ሙሉ የተነገራቸው ይኸው ነው። አንዲት ሴት ብቻ ፀጉሯ እንደተበተነ ወጥታ ሽቅብ ሮጠች። ሄራን ነበረች። አባቷን እንኳ ሳታየው አልፋው ሄደች።

ቤቱ ሲደርስ እናትና ልጅ መኝታ ቤት ዘግተው ተቃቅፈዋል። ሄራን ታለቅሳለች፣ መልሳ ትስቃለች፣ የእናቷን ጉንጭ እየደባበሰች «ሞቃት ነሽ፣ ሞቃት ነሽ» ትላለች። ነገሩን ከእናቷ ሰምታ ጨርሳለች። ባሮክን ስታይ ሳቋ ቆመ።

«እሺ፣ እኔን አወጣችሁኝ። ሌላውስ?»

«ታች ሰፈር ሁሉ እየመጣ ነው።»

«አሸዋ ሜዳ ነው የምልህ። ያፌትስ? ጎረቤቶቼስ?»

«አፋፉ ላይ ቆሜ ነፋሁ። አልወጡም።»

«አይወጡማ! ለእነሱ ተነፍቶላቸው ያውቃል?»

ከደጅ የሴቶቹ ለቅሶ ወደ ግቢው ሲገባ ተሰማ። ሄራን የእናቷን ነጠላ ከሚስማሩ ላይ አወረደችና አዘቅዝቃ ለበሰችው።

«ጎርፍ መጣ አልላቸውም» አለች። «እናቴ ሞታለች፣ ሰው የለኝም፣ ኑና ቅበሩልኝ ነው የምላቸው። በዚህ ከተማ ለቀብር የጠራቸው ሰው የለም። እንደሚመጡ አውቃለሁ።»

«አንቺ ቆይ፤ እኔ እሄዳለሁ» አለ ባሮክ መንገዷ ላይ ቆሞ።

«አንተ የት ትሄዳለህ? ባለ ሐዘን ከድንኳኑ ከጠፋ ሰዉ ይጠረጥራል፤ ከጠረጠረ ደግሞ ተመልሶ ቤቱ ይገባል። ይልቅ ተቀመጥና አልቅስ።»

በጓሮ በር ወጣች። ከእሷ የሰማው የመጨረሻ ቃል ይህ ነው።

ባሮክ እንደታዘዘው ተቀመጠና አለቀሰ። ድንኳኑ ተተከለ፣ አግዳሚ ተደረደረ፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ከአራት መቶ የማያንስ ሰው ግቢውንና መንገዱን ሞላው። ኬብሮን አስከሬኑን የምታጥብ መስላ የመኝታ ቤቱን በር ይዛ ማንንም አታስገባም። ጋሽ ናሆም መዝገቡን ይዞ ስም ይጠራል። መሀል ላይ በየኪሱና በየጉያው ያለው አምባር ሁሉ አንድ ላይ ተንዘፈዘፈና ያቺ ለስላሳ ሴት «ውድ ነዋሪ» አለች። ለቅሶ ላይ የማይሳቅ ሆኖ እንጂ ሊሳቅ ነበር።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የመጀመሪያዎቹ የአሸዋ ሜዳ ሰዎች አጥሩ ጥግ ታዩ። አምስት ነበሩ፤ ቀጥሎ አሥር፣ ቀጥሎ ቤተሰብ ሙሉ። ነጠላ የሌላቸው የዱቄት ጆንያ አዘቅዝቀው ለብሰዋል። የእድሩ ሰዎች ተያዩ፤ ከአግዳሚው ላይ ፈቀቅ ያለላቸው የለም። እነሱም መቀመጥ እንዳለ የሚያውቁ አይመስሉም፤ ፀሐይ ላይ ቆመው ለማያውቋት ሴት ያለቅሳሉ። ከኋላ ያፌት አንድ ሽባ ሽማግሌ አዝሎ ደረሰ።

«ሄራንስ?» አለው ባሮክ እጁን ጨምድዶ። አማቹን በስሙ እንኳ ጠርቶት አያውቅም።

«ገና ብዙ ረድፍ ቀርቷታል። እሳቸውን አድርስና ና ብላኝ ነው። መለስ ልበል።»

ያፌት ሽማግሌውን አውርዶ ለመመለስ ሲዞር ጋሽ ናሆም መዝገቡን አጠፈና ተነሣ።

«ወንድሜ ባሮክ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ዝግ ሰዓት ሊገባ ነው። ወይ ሬሳው ይውጣና እንቅበር፣ ወይ ለነገ ይደር። ሰዉን አናስፈጀው።»

«ልጄን እየጠበቅሁ ነው።»

«ልጅህ የእድሩ አባል አይደለችም።»

ሰዉ እየተነሣ ነጠላውን ማራገፍ ጀመረ። ባሮክ መሬት ላይ ወደቀ። አርባ ዓመት የሰው ለቅሶ አይቷል፤ ያየውን ሁሉ አወጣው። አፈር ነሰነሰ፣ የናሆምን እግር ይዞ ጮኸ፣ ፊቱን ነጨ። ያልሞተች ሚስቱን ስም እየጠራ የሚያለቅሰው ግን ለሌላይቱ ነበር። ሰዉ አዘነለትና ተመልሶ ተቀመጠ። አንዲት ሴት «እንዲህ ይወዳት ነበር እንዴ?» ስትል ሰማት።

ከዚያ ከላይ በኩል ብዙ ከባድ መኪና የሚመጣ የመሰለ ድምፅ ተሰማ።

ሰማዩ ጥርት እንዳለ ነው። ውሃው ግን ቡናማ ሆኖ፣ ዛፍና ቆርቆሮ ከነድንጋዩ ተሸክሞ፣ የአሸዋውን መታጠፊያ ዞሮ ወጣ። አሸዋ ሜዳ አንድ ሰው እንኳ ጮኾ ሳይጨርስ ጠፋ። ቀጥሎ የታች ሰፈር ሁለት መንገዶች ከነቤታቸው ሄዱ። ጉብታው ላይ ያለው ሰው ሁሉ አፉን ይዞ አየ። ያፌት ቁልቁለቱ መሀል ላይ ደርሶ ነበር፤ ውሃው እግሩ ሥር ሲያልፍ ቆሞ የሚስቱን ስም ጠራ።

ያን ጊዜ ሶስና ጋቢዋን እየጎተተች፣ «ልጄ!» እያለች ከመኝታ ቤት ሮጣ ወጣች። ለጎርፉ ያልጮኸው ሰው ለእሷ ጮኸ። አንዱ አማተበ፣ አንዷ ራሷን ስታ ወደቀች፣ ሦስት ወንዶች አጥር ዘለሉ። ነገሩ እስኪገባቸው ትንሽ ጊዜ ወሰደ። ሲገባቸው ጋሽ ናሆም ባሮክ ፊት ቆመ።

«አንተ ሰው! በእድራችን ጡሩምባ ቀለድክብን?»

«ቤትህ የታለ፣ ጋሽ ናሆም?» አለችው ኬብሮን። በእጇ ታች አሳየችው። የናሆም ቤት የነበረበት ቦታ ላይ ውሃው እየተሽከረከረ ነበር።

ናሆም ዞሮ ውሃውን አየ።

«እሱ ሌላ ጉዳይ ነው» አለ።

ከእድሩ አባላት አንድም ሰው አልሞተም። ከአሸዋ ሜዳ ስልሳ ሦስት ሰው ተረፈ፤ ሄራን የጠራቻቸው። ማዕከሉ ማታውኑ ማስጠንቀቂያው ለመቶ ከመቶ ነዋሪ ደርሶ እንደነበር ገለጸ። እድሩም የባሮክን ጉዳይ እሁድ ሊያይ ቀጠሮ ያዘ፤ ጡሩምባውም ከእንግዲህ የእሱ እንዳልሆነ ነገረው። ባሮክና ያፌት ሁለት ቀን ሙሉ ጠዋትና ማታ፣ ዝግ ሰዓት ሲሆን ድልድይ ሥር ተጠልለው፣ ጭቃ ቆፈሩ። የተገኙት ሌሎች አስከሬኖች አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገቡ፤ ጡሩምባ አልተነፋላቸውም። ሄራንን ሁለተኛው ቀን ማታ የድልድዩ እግር ሥር አገኟት። የእናቷ ነጠላ እንደተዘቀዘቀ ነበር።

በማግሥቱ ንጋት ላይ ባሮክ ጡሩምባውን ይዞ ወጣ። አባል እንዳልሆነች ያውቃል፤ ደንቡን ያጸደቀው እሱ ራሱ ነው። ግድ አልሰጠውም። የፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከእንግዲህ ጡሩምባውን የሚያምን ሰው እንዳይጠፋ። የመጀመሪያው መንታ መንገድ ላይ ቆሞ ሦስት ጊዜ ነፋ። «የእድር አባላት ሆይ! ልጄ ሄራን አርፋለች! ቀብሯ ሁለት ሰዓት ነው!»

በሮች ሁሉ ተከፈቱ። ባሮክ ልቡ ሞቀ፤ ክፉ ነገር ያሰበባቸውን ጎረቤቶቹን በሆዱ ይቅርታ ጠየቀ።

ነጠላ ያዘቀዘቀ ግን አልነበረም። ሰዉ የወጣው ፍራሽ ተሸክሞ ነው፤ ድስት አንጠልጥሎ፣ ፍየል እየጎተተ፣ ልጅ አዝሎ። ግራ ቀኝ ሳያይ ባሮክን እየገፈተረ ሽቅብ ወደ ጉብታው ሮጠ። አንዲት አሮጊት በሰው ተደግፋ ስታልፍ «ተባረክ ልጄ» አለችው።

ጋሽ ናሆም ከተጠጋበት ከወንድሙ ቤት የተዋሰውን ፍራሽ ጭኖ እየሮጠ መጣ።

«ናሆም!» ባሮክ እጅጌውን ያዘው። «ሄራን ናት! ትናንት አገኘናት!»

«ስንት ሰዓት ይደርሳል?»

«ጎርፍ አይደለም! ልጄ ናት የሞተችው!»

«ገብቶናል፣ ገብቶናል» አለ ናሆም ሳይቆም። «ባለፈውም ሶስና ነበረች።»

ባሮክ እያንዳንዱ መንታ መንገድ ላይ ነፋ። በነፋ ቁጥር ሰዉ ሩጫውን ጨመረ።

መካነ መቃብሩ ታች፣ ጎርፉ ከደረሰበት አለፍ ብሎ ነው። ሄራንን የተሸከሟት ስልሳ ሦስቱ ናቸው፤ ማንም አልጠራቸውም፤ ከንጋት ጀምሮ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው ነበር። ሬሳ እንዴት እንደሚነሣ ሥርዓቱን ስለማያውቁት ሶስና እያለቀሰች አሳየቻቸው። የእድሩ ሰዎች ጉብታው ላይ ፍራሻቸው ላይ ተቀምጠው ከሩቅ ያያሉ። አፈር ሲመለስ ያያሉ፣ ሶስና መቃብሩ ላይ ስትወድቅ ያያሉ። አንዳንዱ ውሃው ሳይመጣ ቶሎ ውጡ እያለ በእጁ ይጠቅሳቸዋል። አንድም ሰው አልወረደም።

አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ሰዉ ተስፋ ቆርጦ ከነጓዙ መውረድ ጀመረ። ቁልቁለቱ ላይ ናሆምና ባሮክ ፊት ለፊት ተገናኙ። ናሆም ላብ አጥምቆታል።

«የታለ ጎርፉ?» አለ። «አንድ ጊዜ ይሁን፣ ለበጎ ነው አልን። ደግመህ ትዋሸናለህ? እሁድ ትጠየቅበታለህ!»

ባሮክ አልተቆጣም። ለመቆጣት የሚሆን ነገር ውስጡ አልቀረም። ጡሩምባውን በሁለት እጁ ዘረጋለት፤ ከጎርፉ ቀን ጀምሮ የእሱ እንዳልሆነ ተነግሮት ነበርና። ናሆም ሊቀበለው እጁን ሲሰድ የባሮክ መዳፍ ላይ ያለውን የመቃብር አፈር አየ። ከኋላ ሶስናን ደግፈው የሚያመጧትን የአሸዋ ሜዳ ሰዎች አየ። ፍራሹ ከትከሻው ላይ ቀስ ብሎ ተንሸራተተና ወደቀ።

«እውነት ነበር እንዴ?» አለ።

ባሮክ ጡሩምባውን ፍራሹ ላይ አኖረለትና አልፎት ሄደ። አራት ሰዓት ሞላ፤ ከተማው በሩን ዘጋ።